ለቆሻሻ በወር 400 ብር መክፈል ያዋጣል? ከደብረ ማርቆስ የአንድ ዓመት ተሞክሮዬ

ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አካባቢ ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። ጠዋት ፍርፍርና ፉል፣ ምሳ ሽሮና በየዓይነት፣ ቀኑን ሙሉ ቡና። ከጀርባዋ መኖሪያዬ ነው፤ ግቢው ውስጥ አራት ተከራዮች አሉ። ስለዚህ ከእኔ ግቢ የቤት ቆሻሻም የንግድ ቆሻሻም ይወጣል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞሩ ቆሻሻ የሚሰበስቡት የሰፈራችን ወጣቶች ማኅበር ደንበኛ ነኝ። አንድ ዓመት ሞላኝ። ጎረቤቶቼ "እውነት ያዋጣል?" እያሉ ይጠይቁኛል። ለእያንዳንዱ ከምመልስ ልጻፈው አልኩ።

የማኅበሩን ስም አልጠቅስም። ወቀሳም አለኝ፤ ልጆቹ ደግሞ በላባቸው የሚያድሩ ናቸው። የሰፈር ሰው ያውቃቸዋል።

መጀመሪያ ለምን እንደተመዘገብኩ ልናገር። በ2016 ዓ.ም. ክረምት፣ ሐምሌ ላይ፣ አንድ ማታ ዝናቡ አላባራ አለ። ከቤቴ ጎን ያለው የጎርፍ መውረጃ ቦይ ሞላና ውኃው በእቃ ቤቴ በር ገባ። አንድ ኩንታል ጤፍ ከሥሩ ራሰ። ግማሹን አስጥቼ አተረፍኩት። ግማሹ ሸተተ፤ ለከብት ሄደ። በማግስቱ ከሰፈሩ ጎረምሶች ጋር ቦዩን ስንጠርግ ያወጣነው ፌስታል፣ ሃይላንድ፣ ዳይፐር፣ የሽንኩርት ልጣጭ ነው። ከፌስታሎቹ አንዱን አወቅሁት። እኔ ፌስታል ሳስር ጆሮውን ሁለት ጊዜ እቋጥራለሁ። እንደዚያው ሁለት ጊዜ ተቋጥሮ ነበር። ወስዶ የጣለው ማታ ማታ የሚያግዘኝ ልጅ ነው፤ ልጁን የላክሁት ግን እኔ ነኝ።

ያን ጊዜ የምናውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነበር። ወይ ማታ ወስዶ ፈፋው ውስጥ መድፋት፣ ወይ ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢ ውስጥ ማቃጠል። ማቃጠሉ ንጹሕ ይመስላል፤ ጠዋት አመድ ብቻ ታገኛላችሁ። ነገር ግን ፕላስቲክ እንዲህ በግልጽ እሳት ሲነድ ጭሱ መርዝ አለው፤ ዳይኦክሲን የሚባለው አንዱ ነው። አንዷ ተከራዬ ሕፃን አላት። ቅዳሜ ጭሱ ሲነሳ ልጁ ሌሊቱን ሲያስል ያድር ነበር። ይህን ለሁለት ዓመት እየሰማሁ አንድም ቀን ከጭሱ ጋር አላገናኘሁትም። ዛሬም ያንገበግበኛል።

አሁን ወደ አገልግሎቱ። ልጆቹ አራት ናቸው፤ ሦስት ወንድ አንድ ሴት። ቡድኑን የምትመራው ልጅቷ ናት። አንድ ባለሁለት ጎማ የእጅ ጋሪ አላቸው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከጠዋቱ 12፡30 ላይ ፊሽካ ይነፋሉ። ለመኖሪያ ቤት በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ በወር 60 ብር። ለእኔ ምግብ ቤት ሦስቱንም ቀን ይመጣሉ፤ በወር 400 ብር። ሰብስበው ወደ ገንዳው ይወስዱታል፤ ገንዳውን የከተማው መኪና ያነሳዋል።

ሰዓታቸውን ያከብራሉ። ይህን ቶሎ ተናግሬ ልለፍ፤ በበጋ አንድም ቀን አርፍደው አላየሁም።

ሲመዘግቡኝ "ለይታችሁ ስጡን" አሉኝ። ልጣጭና ፍርፋሪ ለብቻ። ካርቶን፣ ወረቀት፣ ሃይላንድና ቆርቆሮ ለብቻ። የቀረው ለብቻ። ሦስት ባዶ ማዳበሪያ ከገበያ ገዛሁና ወጥ ቤቱ በር ሥር አቆምኳቸው። አንዱ ላይ ቀይ፣ አንዱ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ አሰርኩ፤ ሦስተኛው ባዶውን ነው። የሚያግዙኝ ልጆች በሦስት ቀን ለመዱት። ተከራዮቼ ላይ ግን አንድ ወር ፈጀ።

ምን ያህል ቆሻሻ እንደማወጣ ለማወቅ የበርበሬ ሚዛን ተውሼ አንድ ሳምንት ሙሉ መዘንኩ። ከምግብ ቤቱም ከግቢውም በድምሩ 61 ኪሎ ሆነ። ከዚያ ውስጥ 43 ኪሎው ልጣጭ፣ ፍርፋሪና የቡና አተላ ነው። ካርቶንና ወረቀት 5 ኪሎ። ሃይላንድ 3 ኪሎ። እውነተኛው ቆሻሻ፣ ማለትም ለማንም የማይጠቅመው፣ 10 ኪሎ ብቻ። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፌ ለረጅም ጊዜ አየሁት። ቆሻሻ እያልኩ ስጥለው ከኖርኩት ከመቶ 70 እጅ ያህሉ አፈር መሆን የሚችል ነገር ነው። በእኔ ቤት ብቻም አይደለም። በአገራችን ከተሞች ከየቤቱ ከሚወጣው ደረቅ ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚበሰብስ ነው።

ልጣጭ ሲሸት ችግሩ ልጣጩ አይደለም። ፌስታል ውስጥ ታፍኖ ነው የሚሸተው። ለብቻው ሲሆን፣ ላዩ ላይ አንድ እፍኝ አመድ ስትነሰንሱበት፣ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ምንም አይልም። ዝንቡም ቀነሰልኝ። ደንበኞቼ ሳይቀሩ "ምን አደረግሽ?" ብለው ጠይቀውኛል።

አሁን ወደ ወቀሳው። ኅዳር ላይ ነው። ሦስቱን ማዳበሪያ ለየብቻ አስሬ ሰጠኋቸውና በር ላይ ቆምኩ። አንዱ ልጅ የልጣጩን ፈትቶ ጋሪው ላይ ገለበጠው። ቀጠለና ካርቶኑን እላዩ ላይ። ከዚያ ሦስተኛውን። የሁለት ቀን ልፋቴ ዓይኔ እያየ አንድ ክምር ሆነ። ካርቶኑ የሽሮ ቅሪት ሲጠጣ ይታየኛል።

ተናደድኩ። ልጅቷን ጠራኋትና "ልጄ፣ እንዲህ ከሆነ ለምን ለዩ ትሉናላችሁ?" አልኳት።

"እውነትዎን ነው፣ እትዬ" አለችኝ። "ግን ከአሥር ቤት የሚለየው አንድ ቤት ነው። ጋሪውም አንድ ነው። ለአንድ ቤት ብለን የት እናስቀምጠው?"

አልዋሸችኝም፤ ይህን አከብርላታለሁ። ነገሩ የእነሱ ስንፍና ብቻ አልነበረም። ሰው ስለማይለይ ይቀላቅላሉ፤ ስለሚቀላቅሉም ሰው አይለይም። ሰው "እኔ ብለይ ምን ይረባል፣ መጨረሻው አንድ ነው" የሚለው ይህን አይቶ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው የሴቶች እድር ስንሰበሰብ አነሳሁት። ስምንት ቤት "እንሞክር" አለ። ልጆቹም ከጋሪው ግራና ቀኝ ማንጠልጠያ ሠሩ፤ ካርቶኑና ሃይላንዱ በማዳበሪያው እንዳለ ይንጠለጠላል። ረቡዕን ደግሞ ከሁሉም ቤት ልጣጭ ብቻ የሚወሰድበት ቀን አደረጉት። ከታኅሣሥ ወዲህ የእኔን ሲቀላቅሉ አላየሁም። የሌላውን ሰፈር አላውቅም፤ እናንተም በራችሁ ላይ ቆማችሁ እዩ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ይህ የእኛ የደንበኞቹ ጥፋት ነው። ጥር ላይ አንድ ቀን ልጅቷ ቀኝ እጇን በነጠላ ቁራጭ ጠቅልላ መጣች። ከአንድ ቤት የወሰደችው ፌስታል ውስጥ የተሰበረ ብርጭቆ ነበር። መዳፏን ከአውራ ጣቷ ሥር ጀምሮ ቀዶታል። ጓንት አላደረገችም። "ጓንቱ ተቀደደ፣ ሌላ እስኪገዛ ነው" አለችኝ። በቀኝ እጇ መያዝ ስላልቻለች የእኔን ማዳበሪያ በግራዋና በክንዷ አቅፋ አነሳችው። የዚያን ቀን ቡና አፍልቼ አስቀመጥኳት፤ ቁስሏንም በሙቅ ውኃና በጨው አጠብንላት፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ ሄደች። ከዚያ ወዲህ የብርጭቆና የጠርሙስ ስባሪ የማስቀምጠው አፉ ተቆርጦ በተከፈተ የዘይት ጀሪካን ውስጥ ነው። ምላጭና መርፌም እዚያው። ዳይፐርም ለብቻው ተጠቅልሎ ከሦስተኛው ማዳበሪያ ይገባል እንጂ ከልጣጭ ጋር በፍጹም። ማኅበሩም ለልጆቹ ጓንትና ቦቲ ጫማ ሳያሟላ ሥራ ላይ ማሰማራቱ ልክ አይደለም። የወር ክፍያው 10 ብር ይጨመርና ጓንት ይገዛበት ብሏቸዋለሁ፤ እስካሁን አልወሰኑም።

አሁን ደስ ወደሚለኝ ልምጣ።

ረቡዕ የሚወስዱት ልጣጭ ወደ ገንዳው አይሄድም። ከከተማው ዳር ትንሽ ቦታ ተሰጥቷቸው ብስባሽ ይሠራሉ፤ ኮምፖስት የምንለውን። የካቲት ላይ ሄጄ አየሁት። ጠዋት ነበር፤ የማርቆስን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ጋቢ ደርቤ ነው የሄድኩት። ወገብ የሚደርሱ ሦስት ክምሮች አሉ፤ በተበላሸ ጭድና በአፈር ተሸፍነዋል። በአንደኛው ክምር መሃል ዱላ ተሰክቷል። ልጅቷ ዱላውን መዘዘችና "ይንኩት" አለችኝ። እንደ ሻይ ብርጭቆ ይሞቃል። ጫፉ ርጥብ ነው፤ በብርዱ ውስጥ እንፋሎቱ ይታያል። ሽታው የመጀመሪያ ዝናብ የጣለበት እርሻ ነው።

ዱላው መለኪያቸው ነው። ሞቆና ረጥቦ ከወጣ ክምሩ እየሠራ ነው። ቀዝቅዞ ደርቆ ከወጣ ውኃ ይፈልጋል። ቀዝቅዞ፣ ረጥቦና ሸትቶ ከወጣ ግን አየር አጥቷል፤ መገልበጥና ደረቅ ነገር መጨመር አለበት። ይህን ማንም ሰው በጓሮው ሊሠራው ይችላል። ከሥር እንጨት እንጨቱን፣ ከዚያ ደረቅ ቅጠልና ጭድ፣ ከዚያ ልጣጭ፣ ከዚያ ትንሽ ፍግና አፈር፤ እንደገና ከደረቁ መጀመር። ከእርጥቡ ይልቅ ደረቁ በርከት ይበል። ሥጋ፣ አጥንትና ዘይት የበዛበት ምግብ አታስገቡ፤ ውሻና አይጥ ይጠራል። የባሕር ዛፍ ቅጠልም አታብዙበት፣ ቶሎ አይበሰብስም። በእኛ ደጋ ከሦስት እስከ አራት ወር ይፈጃል።

የደረሰውን በማዳበሪያ 250 ብር ይሸጣሉ። ሁለት ገዛሁ። የመጀመሪያው አላስደሰተኝም። ስዘረግፈው የፌስታል ቁርጥራጭ አገኘሁበት፤ ይባስ ብሎ አንድ የባትሪ ድንጋይ ወጣ። የባትሪ ድንጋይ የሚበላ ነገር በሚበቅልበት አፈር ውስጥ መግባት የለበትም። መልሼ ወሰድኩላቸው። ሳይከራከሩ ቀየሩልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ሳይነፉት አይሸጡም። ወንፊቱን በዓይኔ አይቻለሁ። ሁለተኛው ንጹሕ ነበር። ጓሮዬ ውስጥ ግማሹን ጎመን መደብ ላይ፣ ግማሹን ድንች ላይ አደረግሁት። ድንቹ ላይ እውነቱን ለመናገር ከአምናው የተለየ ነገር አላየሁም። ጎመኑ ግን ቅጠሉ ሰፋ፤ በጾሙ ወራት ለምግብ ቤቴ ከገበያ ጎመን የገዛሁት ጥቂት ቀን ብቻ ነው።

ይህ ነገር ከጓሮ ጎመን ያለፈ ይመስለኛል። የጎጃም ደጋ አፈር ብዙ ቦታ አሲዳማ ሆኗል፤ ገበሬው ኖራ ይበትናል። በ2015 ዓ.ም. ማዳበሪያ ጠፍቶ ገበሬው ምን ያህል እንደተንገላታ ሁላችንም አይተናል። ብስባሽ የፋብሪካ ማዳበሪያን ሙሉ በሙሉ ይተካል አልልም። ግን አፈሩን ያለሰልሳል፣ እርጥበት ይይዛል። እኛ ደግሞ ይህንኑ ነገር በፌስታል ቋጥረን ፈፋ ውስጥ ስንደፋ ኖረናል። ዕቃውን እንኳ "ማዳበሪያ" ነው የምንለው!

የጥንቱን ነገርም አልርሳ። ጠላና አረቄ የሚያወጡ ቤቶች አተላቸውን ጥለው አያውቁም። ከጎረቤቴ ጠላ ቤት አንድ ላም አርቢ አባት በየሁለት ቀኑ በጀሪካን ይወስዳሉ። የእኔ ንጹሕ የእንጀራ ፍርፋሪም አሁን ወደ እሳቸው ነው የሚሄደው፤ ሰው ያልበላው ደረቅ እንጀራ ደግሞ ድርቆሽ ይሆናል። ቆራሌውም አለ። ሃይላንዱንና ቆርቆሮውን በኪሎ ይገዛኛል። ስለዚህ ከሁለተኛው ማዳበሪያ ካርቶኑን ለማኅበሩ፣ ሃይላንዱን ለቆራሌው እሰጥ ነበር። በኋላ ግን ተውኩት፤ ሁሉንም ለልጆቹ ነው የምሰጠው። ከእኔ የሃይላንድ ሳንቲም ይልቅ እነሱ ከብዙ ቤት ሰብስበው ሲሸጡ የሚያገኙት ይረባል። ለተራ ቤት ግን ቆራሌው አሁንም ጥሩ አማራጭ ነው፤ ምንም አያስከፍልም፣ እንዲያውም ይከፍላል።

"ሕጉስ ምን ይላል?" የሚለኝ ነጋዴ አለ። ጉዳዩ አዲስ አይደለም። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 የወጣው በ1999 ዓ.ም. ነው። እያንዳንዱ አባወራ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ከሚጣለው እንዲለይ አዝዞ ነበር። ምግብ ቤቶች ቆሻሻቸውን አካባቢን በማይጎዳ መንገድ ሰብስበው እንዲያስወግዱም አዝዞ ነበር። ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባም ያን ጊዜ ነው የተከለከለው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዲሱ አዋጅ ፓርላማው ፌስታልን ጭራሹን ከለከለ። እኔ ምግብ ቤት ስከፍት ይህን ማንም አልነገረኝም። የንግድ ፈቃድ ሲታደስ ስለ ሌላው ሁሉ ተጠይቄያለሁ፤ "ቆሻሻሽን የት ትጥያለሽ?" ብሎ የጠየቀኝ የለም። ይህ መጠየቅ አለበት። ሰብሳቢ ማኅበር ጋር ውል እንዳለን ማየት ለሚመለከተው ሰው የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

የፌስታሉን ነገር በራሴ ቤት ጀምሬዋለሁ። ምግብ አስጠቅልሎ የሚሄድ ደንበኛ የራሱን ምሳ ዕቃ ካመጣ 5 ብር እቀንስለታለሁ። የመናኸሪያ ሾፌሮችና ረዳቶች ወዲያው ነው የለመዱት። ለተማሪዎቹ ደግሞ አምስት ምሳ ዕቃ ገዝቼ በመያዣ አውሳለሁ። እስካሁን የጠፋብኝ አንድ ነው።

ልጆቹ የማይወስኑት ነገር አለ። ከገንዳው በኋላ ያለው የከተማው ሥራ ነው፤ የማኅበሩን አገልግሎት ስመዝን ይህን በእነሱ አልቆጥርም። ግን ባሰብኩት ቁጥር ቆሼ ይመጣብኛል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ100 በላይ ሰው ሞተ። እናቶች ከነልጆቻቸው ቤታቸው ውስጥ እንዳሉ ተቀበሩ። ያ ተራራ በአንድ ቀን የተከመረ አይደለም። የእያንዳንዱ ቤት ፌስታል ነው። ልጣጭ ደግሞ እንዲህ ባለ ክምር ሥር አየር አጥቶ ሲበሰብስ ሚቴን የሚባለውን ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል፤ የዓየር ንብረቱን ከሚያሞቁት ጋዞችም አንዱ እሱ ነው። የእኔ 43 ኪሎ በየሳምንቱ ወደዚያ ዓይነት ክምር አለመሄዱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

የቀሩኝ ቅሬታዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ክረምት። ዘንድሮ ነሐሴ ላይ ጋሪው ጭቃ እየያዘው ሁለት ሳምንት ሙሉ አልመጡም። አስቀድመው ስልክ ቢደውሉ ኖሮ እዘጋጅ ነበር። የደወለልኝ የለም፤ ክፍያው ግን ሙሉ ተጠየቀ። ስናገራቸው 100 ብር ቀነሱልኝ። እኔ ልጣጩን ጓሮዬ ስለቀበርኩት አልተቸገርኩም፤ ጓሮ የሌላት ጎረቤቴ ግን ወደ ፈፋው ተመለሰች። ሁለተኛው ደረሰኝ። ለንግድ ቤት ወጪ ያለ ደረሰኝ ወጪ አይደለም። ማኅተም ያለው ደረሰኝ አላቸው፤ ካልጠየቃችኋቸው ግን አይቆርጡላችሁም። ከ12 ወር የ8ቱ ብቻ ነው በእጄ ያለው።

እንግዲህ ያዋጣል ወይ? ለምግብ ቤትና ለሆቴል፣ አዎ፣ ያለ ጥርጥር። የራሰብኝን ግማሽ ኩንታል ጤፍ ዋጋ ብቻ አስቡት፤ የብዙ ወር ክፍያ ነው። ጓሮ ለሌለው ተከራይም 60 ብሩ ተገቢ ነው። ሰፊ ጓሮ ያለው ቤት ግን ልጣጩን እዚያው ቀብሮ፣ ሃይላንዱን ለቆራሌው ሰጥቶ፣ ለቀረው ብቻ በወር ሁለት ቀን እንዲመጡለት ቢነጋገር ይሻለዋል። ጠይቄያቸው ነበር፤ 30 ብር ይበቃል ብለውኛል።

ልትመዘገቡ ከሆነ አስቀድማችሁ ሦስት ነገር ጠይቋቸው፦ የተለየውን ለየብቻ ይወስዱ እንደሆነ፣ ክረምት ሲቀሩ ይደውሉ እንደሆነ፣ በየወሩ ደረሰኝ ይቆርጡ እንደሆነ። ብርጭቆ ከተሰበረባችሁ ደግሞ በጀሪካን አድርጉና ለልጅቷ በእጃችሁ ስጧት። መዳፏ ላይ ጠባሳው አሁንም አለ።